የገና ሰሞን ሌሊት በሕሜይሚም፦ 13 ትንንሽ ድሮኖችና አንድ የጦር ሰፈር

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2018 ለ6 አጥቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 27 ለ28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ የኦርቶዶክስ ገና ሊገባ ሁለት ሌሊት ሲቀረው፣ በሶርያ የሜዲትራኒያን ጠረፍ ያሉት ሁለቱ የሩሲያ የጦር ሰፈሮች በ13 ትንንሽ ድሮኖች ተጠቁ። አሥሩ ያመሩት ወደ ሕሜይሚም አየር ሰፈር ነበር፤ ሦስቱ ደግሞ ከዚያ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚገኘው የታርቱስ የባሕር ኃይል ጣቢያ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር እንደገለጸው ሰባቱን ፓንትሲር-ኤስ የተባለው የአየር መከላከያ መትቶ ጣላቸው፤ ስድስቱን የኤሌክትሮኒክስ ውጊያ ክፍሉ ከመንገዳቸው አስቶ አወረዳቸው። ከስድስቱ ሦስቱ ከሰፈሩ ውጭ ደህና ሆነው ሲያርፉ ሦስቱ መሬት ሲነኩ ፈነዱ። ሰው አልተጎዳም፣ ንብረትም አልጠፋም ተባለ።

ሰባትና ስድስት፣ 13። ሒሳቡ ሞላ ተብሎ ወሬው በዚያው ተዘጋ። ትንንሽ ድሮንን ለመከላከል ለሚሠራ ሰው ግን ቁም ነገሩ ያለው ሰባቱ ለምን በሚሳይልና በመድፍ፣ ስድስቱ ለምን በሞገድ ወደቁ የሚለው ላይ ነው። ቁጥሩ 13 መሆኑ ቀርቶ 40 ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውም አብሮ ይነሣል።

ሰፈሩ በዚያ ሌሊት

ሕሜይሚም ከላታኪያ በስተደቡብ፣ ጀብላ ከተማ አጠገብ፣ ያኔ ባሴል አል-አሳድ ይባል ከነበረው አየር ማረፊያ ጋር አብሮ ያለ ሰፈር ነው። ሩሲያ የሶርያን የአየር ዘመቻ የጀመረችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2015 ከዚሁ ተነሥታ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቱርክ አንድ የሩሲያ ሱ-24 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን መትታ ከጣለች በኋላ ኤስ-400 የተባለው ረጅም ርቀት ሚሳይል ወደ ሰፈሩ ገባ። ኤስ-400 በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ተዋጊ አውሮፕላን ለመምታት የተሠራ ነው፤ ለዚህ ታሪክ ምንም አልፈየደም።

ዲሴምበር 11 ቀን 2017 ፑቲን በአካል ሕሜይሚም ተገኝቶ ከፊሉ ጦር ወደ አገሩ እንዲመለስ አዘዘ። ከሃያ ቀን በኋላ፣ በዲሴምበር 31 ምሽት፣ ሰፈሩ ላይ ሞርታር ወረደ። ሁለት ወታደሮች መሞታቸውን ሚኒስቴሩ አመነ። ኮመርሳንት ጋዜጣ ሰባት አውሮፕላኖች ከጥቅም ውጭ ሆነዋል ብሎ ሲጽፍ ግን ሐሰት ነው አለ፤ ጭራው በፍንጣሪ የተበሳሳ ሱ-24 የሚያሳይ ፎቶ ቢወጣም ከቃሉ አልተመለሰም። የጉዳቱ ልክ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የማያከራክረው ግን አንድ ነገር ነው፤ አውሮፕላኖቹ የሚቆሙት ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ድሮኖቹ ሲመጡም አቋቋማቸው ያው ነው።

ድሮኖቹ በቅርብ ሲታዩ

ሳይሰበሩ ያረፉት ሦስቱ ለመርማሪዎች ትልቅ ሲሳይ ሆኑ። ጃንዋሪ 11 ቀን በጠቅላይ ኤታማዦር ሹም መሥሪያ ቤት የሰው አልባ አውሮፕላን ልማት ኃላፊ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል አሌክሳንደር ኖቪኮቭ ለጋዜጠኞች አሳዩአቸው።

ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ነገር ከፋብሪካ የወጣ አይመስልም ነበር። አካሉ እንጨት ነው፤ ክንፉ በላስቲክ ተሸፍኖ መጋጠሚያው በፕላስተር ተጠምጥሟል። የሚነዳው ሣር ማጨጃ ላይ እንደሚገጠመው ባለ አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ነው። መሪ ክንፎቹን የሚያንቀሳቅሱት ሰርቮዎች፣ የአየር ግፊት ለክቶ ከፍታ የሚያውቀው መሣሪያና የጂፒኤስ መቀበያው በአንድ ትንሽ የበረራ መቆጣጠሪያ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ ድሮን በክንፎቹ ሥር 400 ግራም ያህል የሚመዝኑ አሥር ትንንሽ ቦምቦች ነበሩት፤ ውስጣቸው የብረት ኳስ ታጭቆበታል። ፍንጣሪው እስከ 50 ሜትር ሰው ሊጎዳ ይችላል ተብሏል።

ቦምቦቹ ትንንሽ ናቸው ብሎ መናቅ ስሕተት ነው። 400 ግራም የኮንክሪት መጋዘን አያፈርስም። ነዳጅ ሞልቶ ሜዳ ላይ ለቆመ አውሮፕላን ግን አንድ የብረት ኳስ ነዳጅ ጋኑን መብሳቷ ይበቃል። መካኒክ አጠገቡ ካለ ደግሞ ጉዳቱ ከብረት ያልፋል።

ሚኒስቴሩ እንዳለው የተነሡት ያኔ በዓማፂያን እጅ ከነበረችው የሰሜን ምዕራብ ሶርያ ክፍለ ሀገር ከኢድሊብ ደቡብ ምዕራብ፣ ሙዓዛራ ከተባለች መንደር አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ሕሜይሚም በቀጥታ መስመር 50 ኪሎ ሜትር አልፎ ይሄዳል፤ ታርቱስ ደግሞ ወደ 100 ይጠጋል። የድሮኖቹ አቅምም እስከ 100 ኪሎ ሜትር ነው ስለተባለ፣ ወደ ታርቱስ የተላኩት ሦስቱ ነዳጃቸውን አሟጠው ነበር የሚደርሱት። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ወደዚያ ሦስት ብቻ የተላኩት።

ማን ላካቸው? በማስረጃ ተረጋግጦ በአንድ ቡድን ላይ የተቆረጠ ነገር የለም። ሚኒስቴሩ በኢድሊብ ውጊያውን የማርገብ ኃላፊነት ያለባት ቱርክ ናት በሚል ለኤታማዦር ሹሙ ሁሉሲ አካርና ለደኅንነት ኃላፊው ሃካን ፊዳን ደብዳቤ ጻፈ። ጎን ለጎን፣ በዚያ ሰዓት የአሜሪካ ፖሲዶን የቅኝት አውሮፕላን በጠረፉ ላይ ሲዞር ነበር፣ እንዲህ ያለ ዕውቀት ካደገ አገር ካልመጣ አይገኝም ሲል ጠቆም አደረገ። ፔንታጎን ቴክኖሎጂው ገበያ ላይ ያለ ነው ብሎ መለሰ። በዚህ ነጥብ ላይ ፔንታጎን ያለው ያስኬዳል። አየር ማረፊያ ቦታውን አይቀይርም፤ የመንደርደሪያው ጫፍና ጫፍ መጋጠሚያ ቁጥር ማንም የሚከፍተው ካርታ ላይ አለ። የማይንቀሳቀስ ዒላማን በጂፒኤስ ለማግኘት የኃያል መንግሥት እጅ አያስፈልግም።

ራዳሩ ምን አየ፣ መቼ አየ

ሚኒስቴሩ «በበቂ ርቀት ላይ ታይተዋል» አለ እንጂ ኪሎ ሜትሩን አልተናገረም። ስለዚህ ራሳችን እንሥራው።

የፓንትሲር የፍለጋ ራዳር 2 ካሬ ሜትር ያህል የራዳር ገጽታ ያለውን ዒላማ፣ ማለትም አንድ አነስ ያለ ተዋጊ አውሮፕላን፣ በ32 ኪሎ ሜትር ገደማ ያያል። የራዳር ገጽታ ማለት ዒላማው ሞገዱን መልሶ የሚያንጸባርቅበት መጠን ነው፤ ከአካሉ ትልቅነት ጋር አንድ አይደለም። እንጨትና ላስቲክ ሞገዱን ያሳልፉታል። በዚህ ድሮን ላይ የሚያንጸባርቀው ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ባትሪውና የተሸከማቸው ቦምቦች ብቻ ናቸው። ገጽታው 0.02 ካሬ ሜትር ነው ብለን እንነሣ፤ ከተዋጊ አውሮፕላኑ መቶ እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። ራዳር የሚያይበት ርቀት ከገጽታው አራተኛ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ መቶ እጥፍ ማነስ ርቀቱን በሦስት እጥፍ ከፍ ብሎ ይቀንሰዋል። 32 ኪሎ ሜትር የነበረው 10 ይሆናል።

ድሮኑ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ አሥሩን ኪሎ ሜትር በስድስት ደቂቃ ይጨርሳል። በዚህ ስድስት ደቂቃ ውስጥ ነው ኦፕሬተሩ ነጥቧን አይቶ፣ ወፍ አለመሆኗን ለይቶ፣ የራስ ወገን አለመሆኗን ጠይቆ፣ ፈቃድ አግኝቶ መተኮስ ያለበት። ያውም ለአሥር ነጥቦች።

ወፍ የሚለው ነገር ቀልድ አይደለም። የአየር መከላከያ ራዳር ከመሬት፣ ከዛፍና ከመኪና የሚመለሰውን ሞገድ ለማጣራት በዝግታ የሚሄደውን ሁሉ ይጥላል። ማጣሪያው ከፍ ያለ ፍጥነት ላይ ከተቀመጠ ስክሪኑ ይጠራል፤ በሰከንድ 28 ሜትር የሚሄደው ድሮን ግን አብሮ ሊጠፋ ይችላል፣ በተለይ አቅጣጫው ሰያፍ ሲሆንና ወደ ራዳሩ የሚቀርብበት ፍጥነት ሲያንስ። ማጣሪያው ዝቅ ከተደረገ ደግሞ ድሮኑ ይታያል፣ ነገር ግን ከባሕር የሚነሡት ወፎችና በጠረፉ አውራ ጎዳና የሚሄዱ መኪኖችም አብረው ስክሪኑን ይሞሉታል። መካከለኛውን ቦታ የሚያገኘው እዚያው አካባቢ ሳምንታት ተቀምጦ ስክሪኑን የለመደ ሰው ነው። መመሪያ መጽሐፍ ላይ የለም።

በዚህ ላይ ተራራው አለ። ከኢድሊብ ወደ ጠረፉ የሚመጣ ነገር የጠረፉን ሰንሰለታማ ተራራ መሻገር ወይም መዞር አለበት፤ ትልቁ ጫፉ 1,562 ሜትር ነው። ሕሜይሚም ያለው ከተራራው ግርጌ፣ ሜዳው ላይ ነው። ሜዳ ላይ የተቀመጠ ራዳር ከሸንተረሩ ጀርባ ያለውን አያይም። ይህ ግን ለአጥቂውም ዕዳ ነው። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ቀላል ድሮን ከፍታውን የሚያውቀው ከመነሻው አንጻር እንጂ ከሥሩ ካለው መሬት አንጻር አይደለም። ተራራውን እንዲሻገር ከፍ ተደርጎ ከተሞላ፣ ሜዳው ላይ ሲደርስም ከፍ እንዳለ ይቀራል፤ ከጀርባው ባዶ ሰማይ ስለሆነ ራዳሩ ከመሬት ነጸብራቅ ሳይደባለቅ ያገኘዋል። በሸለቆው ተሽሎክልኮ ሊገባ የሚችለው የመሬት ካርታ የተሞላለት፣ ከዚህ የተሻለ ድሮን ነው።

አንድ መሣሪያ ግን በዚያ ሌሊት ምንም ሊሰማ አይችልም ነበር። ዛሬ በብዛት የሚሸጠውና በዋጋም የሚቀለው የድሮን መለያ፣ በድሮኑና በአብራሪው መካከል የሚሄደውን ሞገድ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ፣ የሚያዳምጠው ነው። እነዚህ ድሮኖች መንገዳቸው ከመነሣታቸው በፊት ተሞልቶላቸው አብራሪ አልነበራቸውም። ምስል አይልኩም፣ ትእዛዝ አይቀበሉም፣ ዝም ብለው ይመጣሉ። አድማጭ መሣሪያ ብቻ ገዝቶ «ድሮን መከላከያ አለን» የሚል ሰፈር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን ወሬ የሚሰማው ከፍንዳታው ነበር።

ሰባቱ፦ ሚሳይልና መድፍ

ፓንትሲር በአንድ የጭነት መኪና ላይ 12 ሚሳይልና ሁለት ባለ መንታ አፈሙዝ 30 ሚሊ ሜትር መድፎች የተሸከመ ነው። ሚሳይሉ እስከ 20 ኪሎ ሜትር፣ መድፉ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ሚሳይሉ የራሱ ዓይን የለውም፤ ከመሬት በሬዲዮ ትእዛዝ ነው የሚመራው። ስለዚህ መከታተያ ራዳሩ ወይም ካሜራው ዒላማውን ለአፍታም መልቀቅ የለበትም። ትንሽ ነጥብ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ሚሳይሉ ወዴት እንደሚሄድ የሚነግረው ያጣል። በሌሊት ደግሞ የሙቀት ካሜራው የሚያገኘው ያችን ትንሽ ሞተርና የጭስ ማውጫዋን ብቻ ነው።

አሁን የጥይቱን ሒሳብ እንየው። አንድን ዒላማ ለማረጋገጥ ሁለት ሚሳይል መተኮስ በአየር መከላከያ ዘንድ የተለመደ ነው። ለአሥር ድሮን 20 ሚሳይል ማለት ነው፤ አንድ ፓንትሲር የሚይዘው 12። አንድ አንድ ብቻ ቢተኮስ እንኳ ሁለት ይተርፉትና የሚቀጥለው ማዕበል በሁለት ሚሳይል ብቻ ያገኘዋል። መልሶ ለመሙላት ክሬን ያለው ጫኝ መኪና ይመጣል፣ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ በስድስት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። ሰፈሩን የሚጠብቀው ፓንትሲር ከአንድ በላይ ቢሆንም፣ ሁሉም አንድን ድሮን አይተው ሌላውን እንዳይተዉ ዒላማ የሚያከፋፍል አዛዥ ያስፈልጋል።

መድፉስ? ፓንትሲር የሚይዘው 1,400 ጥይት ነው። አራቱም አፈሙዞች አብረው ሲተኩሱ በደቂቃ እስከ 5,000 ይተፋሉ። ሲካፈል ጠቅላላው ወደ 17 ሰከንድ የሚሆን ተኩስ ነው። ከዚያ የከፋው፣ የ30 ሚሊ ሜትሩ ጥይት የሚፈነዳው ሲነካ እንጂ አጠገብ ሲያልፍ አይደለም። ፊት ለፊት የሚመጣ ድሮን ከክንፉ ቀጭን ጠርዝና ከሞተሩ በስተቀር የሚመታ አካል የለውም። ላስቲክ ክንፉን ቀድዶ ያለፈ ጥይት ደግሞ ቀዳዳ ብቻ ትቶ ይሄዳል፤ ድሮኑ መብረሩን ይቀጥላል። በአሁኑ ዘመን ለዚህ ሥራ የሚፈለገው በተወሰነ ርቀት ላይ በራሱ ጊዜ ፈንድቶ ፍንጣሪ የሚበትን ጥይት የሆነው ለዚህ ነው።

ከሰባቱ ስንቱ በሚሳይል፣ ስንቱ በመድፍ እንደወደቀ አልተነገረም።

ስድስቱ፦ ሞገድ

ስለ ስድስቱ ሚኒስቴሩ የተጠቀመው ቃል «በቁጥጥር ሥር አዋልናቸው» የሚል ነው። አብራሪ የሌለውን፣ ትእዛዝ የማይቀበለውን ድሮን በቁጥጥር ሥር ማዋል ማለት ምን ማለት ነው? የቀረው አንድ በር ጂፒኤስ ነው።

የጂፒኤስ ሳተላይት ከ20,200 ኪሎ ሜትር ላይ የሚልከው ሞገድ መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው፤ አንድ ዋት በአሥር ሺህ ትሪሊዮን ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል። በዚያው 1575.42 ሜጋኸርዝ ላይ ጥቂት ዋት የሚያወጣ ማሠራጫ ከፍ ካለ ቦታ ቢተከል ያንን ድምፅ ለብዙ ኪሎ ሜትር ይውጠዋል። ይህ አፈና ነው፤ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ሲታፈን ያየ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሁለተኛው መንገድ ማሳሳት ነው፤ ከሳተላይቱ የመጣ የሚመስል፣ ጠንከር ያለ የሐሰት ሞገድ ልኮ ድሮኑን «አንተ ያለኸው እዚህ ሳይሆን እዚያ ነው» ብሎ ማሳመን። ሲያሳምኑት ድሮኑ ስሕተቱን ለማረም ሲል ወደተፈለገበት ይዞራል።

አፈና ብቻውን ድሮንን ከሰማይ አይጥልም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጂፒኤስ የጠፋበት ድሮን የከፍታ መለኪያው እየሠራ ነው፣ ክንፉን አግድም የሚይዝለት መሣሪያም አለ። በያዘው አቅጣጫ ይቀጥላል፤ የሚያጣው ንፋሱ ወደ ጎን ሲገፋው ማረም መቻሉን ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ የጎን ንፋስ ቢኖር፣ አፈናው ከ10 ኪሎ ሜትር ላይ ከጀመረ ድሮኑ በስድስት ደቂቃ 1,800 ሜትር ይንሸራተታል፤ ሰፈሩን ስቶ እርሻ ላይ ይወድቃል። አፈናው ከ2 ኪሎ ሜትር ላይ ከጀመረ ግን የቀረው ጊዜ 72 ሰከንድ፣ መንሸራተቱም 360 ሜትር ነው። አውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ ደግሞ ከዚያ ይሰፋል። ስለዚህ የአፈናው ጥቅም የተመሠረተው በራዳሩ ቀድሞ ማየት ላይ ነው፤ ሳያዩ ማፈን ከተፈለገ ማሠራጫውን ቀንና ሌሊት ከፍቶ መተው ነው። ይህንን ነጥብ ልብ ይሏል፤ በኋላ ይመለሳል።

ሦስቱ ለምን ደህና አርፈው ሦስቱ ፈነዱ? የእኛ ግምት ድሮኖቹ ጂፒኤስ ሲያጡ ወይም ሲሳሳቱ እየዞሩ ከፍታ ጣሉ የሚል ነው። ለስላሳ የታረሰ መሬት ላይ በዝግታ የተንሸራተተው ተረፈ፤ ድንጋይ ወይም ዛፍ ያገኘው ቦምቡ ፈነዳ። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ቀላል አይደለም። በሞገድ የወረደ ድሮን ትጥቁን አልፈታም። ሰፈሩ ዙሪያ ገበሬ፣ መንደር፣ መንገድ ካለ ቦምቦቹ ወደዚያ ሄዱ ማለት ነው። ድሮን የማፈን ዕቅድ የሚያወጣ ክፍል፣ ድሮኑ የሚወድቅበትን ሜዳና ፈንጂ አምካኝ ቡድን የሚጠብቅበትን ቦታ አብሮ ካላሰበ ዕቅዱ ግማሽ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን የምናውቀው በአንድ ወገን ቃል መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የወደቁትን የቆጠረውም ጉዳት የለም ያለውም ያው አካል ነው፤ በዲሴምበር 31 ስለ አውሮፕላኖቹ የተናገረውም እሱ ነበር። ሆኖም ሳይሰበሩ የቀሩት ድሮኖች በአደባባይ ታይተዋል፤ ድሮን ካልተመታና ካልተሰበረ በሞገድ ወይም በብልሽት ወርዷል ማለት ነው። በነገራችን ላይ ብልሽትን ማንም አያነሣውም። በፕላስተር የተጣበቀ አውሮፕላን 50 ኪሎ ሜትር በሌሊት ሲበር ሞተሩ ጠፍቶ መውረዱ የሚያስደንቅ አይደለም። ከስድስቱ ውስጥ በራሱ ጊዜ የወረደ ሊኖር ይችላል።

ከዚያ በኋላ የተደረገው

መጀመሪያ የተሄደው ወደ ምንጩ ነው። ጃንዋሪ 12 ሚኒስቴሩ ሞርታር ጥለው የነበሩትን ሰዎች ልዩ ኃይሉ አግኝቶ መደምሰሱን፣ ኢድሊብ ውስጥ ድሮኖቹ የሚገጣጠሙበትና የሚቀመጡበት ቦታም ክራስኖፖል በተባለው በሌዘር የሚመራ የመድፍ ጥይት መመታቱን አስታወቀ። ድሮኖቹ ግን አልቆሙም። እንጨት፣ ላስቲክና ትንሽ ሞተር ያለበት ቤት ሁሉ ገጣጣሚ ሊሆን ስለሚችል አንድ መጋዘን ማፍረስ ሳምንታት ቢገዛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ሚኒስቴሩ በሕሜይሚም ላይ ድሮን መጣ፣ ተመታ የሚል መግለጫ ደጋግሞ አወጣ።

ሁለተኛው ለውጥ በመሣሪያው ላይ ነበር። ፓንትሲር በዝግታ የሚበሩ ትንንሽ ዒላማዎች ላይ ይቸገራል የሚል ክርክር በሩሲያ የወታደራዊ ጉዳይ ጸሐፊዎች መካከል ተነሣ፤ ቶር-ኤም2 የተባለው ሌላው የቅርብ ርቀት ሚሳይል ወደ ሕሜይሚም ተጨመረ። ቶር በአንድ ተሽከርካሪ 16 ሚሳይል ይይዛል። የፓንትሲር አምራቾችም የ12 ሚሳይል ችግር የገባቸው ይመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ለዕይታ የቀረበው ፓንትሲር-ኤስኤምዲ-ኢ መድፉን ጥሎ እስከ 48 ትንንሽ ሚሳይሎች የሚጭን ሆነ። ከሕሜይሚሙ ሌሊት እስከዚያ ስድስት ዓመት አልፏል።

ሦስተኛው ሲሚንቶና ብረት ነው። በ2019 ጋዜጠኞች ሰፈሩን ሲጎበኙ ሜዳ ላይ ተሰልፈው የነበሩት አውሮፕላኖች ጣሪያ ባላቸው ጎጆ መሰል መጠለያዎች ሥር ገብተው ነበር። ለ400 ግራም ቦምብ እንዲህ ያለ ጣሪያና በመካከል ያለ ግድግዳ ይበቃል። ቢያንስ አንዱ ሲመታ ጎረቤቱ አብሮ አይነድም። ሥራው ከሁሉም ቀላሉ፣ ያለ ኦፕሬተር የሚሠራው፣ ግን መጀመሪያ መደረግ ሲገባው መጨረሻ ላይ የተደረገው እሱ ነው። አሥር ድሮን ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከዲሴምበር 31 በፊት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ስለ ሱ-24ቱ ጭራ ክርክር ባልኖረ።

የሞገዱ ዕዳ ወደ ሌላ ሰው ሄደ

አራተኛው ለውጥ ነው ከሰፈሩ አጥር የወጣው። ድሮኖቹ በጂፒኤስ ብቻ የሚመሩ ከሆነና ራዳሩ በአስተማማኝ ሁኔታ ቀድሞ ካላያቸው፣ ማሠራጫውን ከፍቶ መተው የሚመጣ ሐሳብ ነው። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የቶድ ሃምፍሪስ ቡድን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በተገጠመ የጂፒኤስ መቀበያ በ2018 የተሰበሰበ መረጃ መርምሮ፣ ከሶርያ የሚወጣ ጠንካራ የጂፒኤስ ረባሽ ሞገድ አገኘ፤ መነሻውን ሲያሰላ ሕሜይሚም ላይ አረፈ። ሲፎርኤዲኤስ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2019 ባወጣው ጥናት በሩሲያ፣ በክሪሚያና በሶርያ ከ9,800 በላይ የተጠረጠሩ የጂፒኤስ ማሳሳት ድርጊቶችን ቆጥሯል፤ ሕሜይሚም ከቦታዎቹ አንዱ ነበር።

በ2019 ጁን ወደ ቴል አቪቭ የሚበሩ አብራሪዎች በቤን ጉሪዮን አካባቢ ጂፒኤስ እየጠፋባቸው መሆኑን ሪፖርት ማድረግ ጀመሩ። የዓለም አቀፍ አብራሪዎች ፌዴሬሽን ማስጠንቀቂያ አወጣ። የእስራኤል መገናኛ ብዙኃን ጣታቸውን ወደ ሩሲያ ቀሰሩ፤ በእስራኤል የሩሲያ አምባሳደር ነገሩን አጣጣሉት። ያንን የአየር ክልል የኢትዮጵያ አየር መንገድም ይጠቀምበት ነበር፤ ቴል አቪቭም ቤይሩትም መዳረሻዎቹ ነበሩ።

ከሕሜይሚም እስከ ቤን ጉሪዮን ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው። መሬት ክብ ስለሆነች መሬት ላይ ያለ ማሠራጫ ሞገዱ በቀጥታ የሚደርሰው ከአድማስ በላይ ለሚታየው ብቻ ነው፤ በ10,000 ሜትር ከፍታ የሚበር አውሮፕላን ከ410 ኪሎ ሜትር ላይ ይታየዋል፣ ቴል አቪቭ መንገድ ላይ ያለች ታክሲ ግን አትታየውም። በዚያን ሰሞን የተዘገበውም ይኸው ነበር፤ የሚቸገሩት አየር ላይ ያሉ ናቸው፣ የመኪናና የስልክ ጂፒኤስ ደህና ነው። በከፍታ ላይ የተሳሳተ መቀበያ ደግሞ አውሮፕላኑ ዝቅ ካለ በኋላም ቶሎ አያገግምም፤ አንዳንዱ እስኪያርፍ ድረስ ሰዓቱና ቦታው ተዘባርቆ ይቆያል። የእስራኤል የአየር ማረፊያዎች ባለሥልጣን አውሮፕላኖች በሌላ ዘዴ እያረፉ ነው፣ ለደኅንነት የሚያሰጋ ነገር የለም አለ። ሌላው ዘዴ ከሳተላይት በፊት ጀምሮ የነበረው፣ ከመንደርደሪያው ጫፍ በሬዲዮ የሚመራው የማረፊያ መሣሪያ ነው።